ሌተርና ኤ ፎር በአንድ ሽፋን

ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ፣ የኒም ዛፎች ከግራና ከቀኝ ጥላቸውን በሚያጋጥሙበት መንገድ ዳር፣ ዘርጋው የሚባል መጽሐፍ ጠራዥ ነበር። ሱቁ ጠባብ ነው፤ በሩ ደግሞ ከሱቁ ይብሳል። ውስጡ አንድ የብረት መቁረጫ፣ አንድ መጭመቂያ፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛና ሁለት ወንበሮች አሉ። በአንዱ ዘርጋው ይቀመጣል። ሁለተኛው የደንበኛ ነው ይባል እንጂ ለብዙ ዓመት ተቀምጦበት የኖረው የካርቶን ቁልል ነው።

ሰው ቴምብር ይሰበስባል፤ ሰው የድሮ ሳንቲም ይሰበስባል። ዘርጋው የሚሰበስበው የወረቀት ልክ ነው። ከመቁረጫው በላይ ባለው ግድግዳ ላይ ከየአገሩ የመጡ ባዶ ወረቀቶች አንዱ ባንዱ ላይ ተደርበው፣ የግራ ታችኛ ማዕዘናቸው አንድ ነጥብ ላይ ገጥሞ፣ በስፒል ተሰክተዋል። እንግሊዞች ይጽፉበት የነበረው ፉልስካፕ ከሁሉም በላይ አንገቱን አስግጎ ይታያል። ጃፓኖች ለደብተር የሚቆርጡት አጭሩ ከፊት ቆሟል። ባቡሩ ከፈረንሳዮቹ ጋር ያመጣው የተማሪ ደብተር ቅጠልም አለ፤ ከማርጀቱ ብዛት ሻይ የፈሰሰበት ይመስላል። ከመሃል ደግሞ የዘመኑ ሁለት ጌቶች አሉ፦ ዓለም ከሞላ ጎደል የተስማማበት ኤ ፎርና አሜሪካኖች አንለቅም ያሉት ሌተር።

"ይሄ ሁሉ ምን ያደርግልሃል?" ሲሉት "ማን ከማን እንደሚበልጥ ለማወቅ ነው" ይላል። ሠላሳ ዓመት ለካ፤ የሁሉን የበላይ ግን አላገኘም። አንዱ በቁመት ሲያልፍ በወርድ ይቀራል። የየአገሩ ሰው ወረቀቱን በገዛ ልኩ ቆርጦ "ትክክለኛው ይሄ ነው" ብሎ ይምላል፤ ዘርጋውም ከእነሱ የተለየ ሰው አልነበረም።

የእሱ ወገን ኤ ፎር ነው። ኤ ፎርን ከመሃል ቢያጥፉት ያንሳል እንጂ መልኩ አይለወጥም። እንደገና ቢያጥፉት አሁንም ያው ነው፤ ክብሪት ሳጥን እስኪያህል ቢታጠፍ ያው ነው። ዘርጋው ለሰው ሁሉ እያጠፈ ያሳያል። "ጠባዩን የማይለውጥ ወረቀት!" ይላል። ሌተርን ግን አንድ ጊዜ ሲያጥፉት መልኩ ሌላ ይሆናል፤ ቀጠን ብሎ ይረዝማል። ለዚህም "ይሄ እምነት አይጣልበትም" ብሎ ወደ ጎን ይገፋዋል።

ግድግዳ የሚጋራው ልብስ ሰፊው ኑርሁሴን ነበር። በስፌት ማሽኑ ጩኸት መሃል የሰፈሩን ወሬ አንድም ሳያመልጠው የሚሰማ ሰው ነው። ስለ ኤ ፎር የሚነገረውን ውዳሴ ሺህ ጊዜ ሰምቶታል። "ጠባዩን የማይለውጥ ማለት ግትር ማለትህ ነው" ይለዋል። ዘርጋው ሌላ ወረቀት አንስቶ ያጥፋል።

በዚያ ሱቅ የካርቶኑ ቁልል ከወንበሩ የሚነሳላት አንዲት ደንበኛ ብቻ ነበረች፤ የአንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ኃላፊ፣ ወይዘሮ እልፍነሽ። ባሏ ከሞተ ስምንት ዓመት ሆኗታል። ስድስቱን ዓመት የተማሪ መዝገብ ለማስጠረዝ ራሷ ትመጣለች፤ ተላላኪ ጠፍቶ አልነበረም። ዘርጋው እሷ ስትመጣ ካርቶኑን ያነሳል፤ ስትሄድ መልሶ ይቆልላል። የሚያወሩት ስለ ወረቀት ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ስለ ወረቀት ብቻ አወሩ፤ የሰፈሩ ሰው ደግሞ ወረቀት እንዲህ ብዙ የሚወራለት ነገር መሆኑን እየሰማ ይስቃል።

መልካቸውም የሚያስቅ ነበር። ዘርጋው ረጅም ቀጭን ነው፤ የገዛ በሩን ጎንበስ ሳይል አያልፍም። እልፍነሽ አጠር ብላ ሰፋ ያለች ናት፤ ያንኑ በር ወደ ጎን ዞር ሳትል አታልፍም።

አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ሙቀቱ ሳይከር፣ ባጃጅ ከበሩ ቆመ። እልፍነሽ ሁለት ካርቶን ወረቀትና አንድ ፌስታል ጊሽጣ ይዛ ወረደች። ጊሽጣውን ጠረጴዛው ላይ፣ ካርቶኖቹን መሬት ላይ አስቀመጠችና ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

"እነዚህ በአንድ ጥራዝ እንዲሆኑልኝ ነው፣ አቶ ዘርጋው" አለች። "የትምህርት ቤቱ ታሪክ ነው። በወሩ መጨረሻ ጡረታ ስወጣ አስረክቤ ነው የምሄደው።"

"ወዴት ነው የሚሄዱት?"

"ሐዋሳ። ልጄ ትርሲት ክፍል አዘጋጅታልኛለች።"

ዘርጋው ጊሽጣ ሊያነሳ የዘረጋው እጁ አየር ላይ ቀረ። ስድስት ዓመት ሙሉ "ዛሬ እነግራታለሁ" እያለ የተወው ነገር ሦስት ሳምንት ብቻ እንደቀረው ያን ጊዜ ገባው። የሚያውቀውን አደረገ፤ ካርቶኖቹን ከፈተና መለካት ጀመረ።

የመጀመሪያው ካርቶን ሌተር ነው። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ከአሜሪካ የመጡ መምህራን ነበሩ፤ እነሱ ከሄዱ በኋላ እንኳ መጋዘን ሞልቶ የቀረው ወረቀታቸው ብዙ ዓመት ተጽፎበታል። ሁለተኛው ካርቶን ከዚያ ወዲህ ያለው ነው፤ ኤ ፎር። ዘርጋው ከየካርቶኑ አንድ አንድ መዞ ደረባቸው፤ ማስመሪያውን አስጠጋ።

"ሌተሩ በወርድ ስድስት ሚሊ ሜትር ይበልጣል" አለ። "ኤ ፎሩ በቁመት አሥራ ስምንት ሚሊ ሜትር ይበልጣል።"

"እና ማን በለጠ?"

"መበላለጥ የለም። አንዱ በዚህ በኩል ይተርፋል፣ ሌላው በዚያ በኩል ይተርፋል።"

"ታዲያ እንዴት አድርገው በአንድ ሊያኖሯቸው ነው?"

"እንደ ደንቡ ነዋ። አንድ ላይ ይደረደሩና መቁረጫው ውስጥ ይገባሉ። ከሰፊው ወርዱ ይቆረጣል፤ ከረጅሙ ቁመቱ ይቆረጣል። እኩል ይሆናሉ።"

እልፍነሽ ከሌተሮቹ አንዱን አነሳችና ወደ ብርሃን አዞረችው። በቀኙ ጠርዝ ላይ፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ ከላይ እስከ ታች የተጻፈ ማስታወሻ አለ። ፊደሉ ደቃቅ ነው፤ መጨረሻው ወረቀቱ ዳር ድረስ ደርሷል።

"ይሄ የመምህር ደምሴ እጅ ነው" አለች። ደምሴ ሟች ባሏ ነው። "ሲጽፍ ቦታ አይበቃውም ነበር። ስድስት ሚሊ ሜትር አሉኝ አይደል? እሱ ያለው እዚያው ስድስቱ ላይ ነው።"

ዘርጋው አንገቱን ደፋ። ኤ ፎሮቹን ገለበጠ። በእነሱም ቢሆን ፊርማውና ማኅተሙ ያለው እግራቸው ላይ ነው።

"ከዚህ በፊት እንዲህ የተለያየ ወረቀት አንድ ላይ ጠርዘው ያውቃሉ?" ስትል ጠየቀችው።

"አንድ ጊዜ። ወጣት ሳለሁ።"

"እንዴት ሆነልዎ?"

"እኩል ላድርግ ብዬ ቆረጥኩ። እኩል ሆነ። ጽሑፉ ግን ሄደ።"

"ወዴት ሄደ?"

"ጅቡቲ።"

ከግድግዳው ወዲያ የኑርሁሴን ማሽን ቀጥ አለ። ከዚራ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። ዘርጋው በሃያ ስድስት ዓመቱ አግብቶ ነበር። ሚስቱ መዝፈን የምትወድ፣ ጓደኛ የምታበዛ፣ ሳቋ ከቤት ወጥቶ መንገድ የሚሻገር ሴት ነበረች። እሱ ደግሞ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ለቤቱ ልክ እንድትሆን ነበር የፈለገው። መጀመሪያ ዘፈኑ ይቅር አለ፤ ቀጥሎ ጓደኞቿ ይቅሩ አለ፤ ከዚያ ሳቋን ትንሽ ዝቅ እንድታደርገው ለመናት። ሁሉንም እሺ አለችው። በሦስተኛው ዓመት ቤቱ ጸጥ ብሎ፣ ንጹሕ ሆኖ፣ ሁሉም ነገር በቦታው ሳለ፣ የጠዋቱን የጅቡቲ ባቡር ተሳፍራ ሄደች። ዘርጋው ከዚያ ወዲህ አንድ ልክ ያልሆነ ወረቀት አልጠረዘም።

እልፍነሽ 'ጅቡቲ' ሲላት መጀመሪያ ልትስቅ አስባ ተወችው፤ ከዚያ ግን አልቻለችም፣ ሳቀች። ዘርጋውም አብሮ ሳቀ። ሲጨርሱ የሌተሩን ካርቶን በሁለት እጇ አቅፋ አነሳች።

"ሌተሮቹን ይዤ ልሂድ" አለች። "ኤ ፎሮቹ ከርስዎ ይቆዩ። ሳይቆርጡ የሚሆን መላ ካገኙ ይንገሩኝ። ካላገኙም ለየብቻቸው ይቀመጣሉ፤ እኔም ሐዋሳ መደርደሪያ አለኝ።" ወደ ጎን ዞር ብላ በሩን አለፈች።

ዘርጋው ከኤ ፎሮቹ ጋር ቀረ። ሁሉም እኩል ናቸው፤ አንድ ቀን የማይፈጅ ሥራ ነው። አስተካክሎ ደረደራቸውና አያቸው። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን የሰለቸው ወረቀት የለም።

ኑርሁሴን መቀሱን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ገባና ጊሽጣ አነሳ።

"አቦ አንተ ሰውዬ" አለ፣ ፍሬውን እየተፋ፣ "እኔ ሱሪ ስሰፋ ትርፉን ጨርቅ ምን አደርገዋለሁ?"

"እኔ ምን አውቄ።"

"ወደ ውስጥ አጥፌ እተወዋለሁ። ሰው ይወፍራል፣ ሰው ይከሳል። ትርፍ ያልተተወለት ሱሪ ዓመት አይለበስም። አንተ ግን ትርፍ ስታይ ቢላ ነው የሚታይህ።"

"የኔ ሥራ ወረቀት ነው፣ ኑርሁሴን።"

"እኔስ ስለ ሱሪ አይደል የማወራው?" ብሎ ሁለተኛ ጊሽጣ ይዞ ወጣ።

በድሬ ቀትር ላይ ሱቅ ይዘጋል፤ ፀሐዩ እስኪበርድ ሰው ሁሉ ይተኛል። ዘርጋው በዚያ ሳምንት አንድም ቀን አልተኛም። በሩን ገርበብ አድርጎ በከነቴራ ተቀምጦ ያስባል። በጠራዥ ደንብ መጽሐፍ ከሦስት በኩል ተቆርጦ ካልተላገ አለቀ አይባልም፤ ያለ ቢላ የሚቀረው የሚሰፋበት ጀርባው ብቻ ነው። የጥራዝ ሙያ ያስተማሩት ጌታው ያሉት ይህንን ነው፤ እሱም ሌሎችን ያስተማረው ይህንን ነው። አንድ ቀን ግን ጥያቄውን ገለበጠው። በሦስት በኩል መግጠም ካልቻሉ፣ በጀርባቸው መግጠም አይበቃቸውም ወይ?

ከኑርሁሴን ዘንድ ስስ አቡጀዲ ለመነና በጣት ወርድ ቀደደው። በየወረቀቱ የሚሰፋ ጠርዝ ላይ አንድ አንድ ቁራጭ በኮላ ለጠፈ፤ መርፌው ወረቀቱን ሳይሆን ጨርቁን እንዲወጋው። ባዶ ሌተርና ባዶ ኤ ፎር አፈራርቆ ሰፋ። አናታቸውን አስተካከለ፤ ከእግርና ከዳር ግን እንደ ልካቸው ለቀቃቸው። ከዚያ ሽፋኑን ሲያሰላ ማስመሪያውን ይዞ ብዙ ቆየ። ወርዱን ከሌተሩ ወሰደ፤ ቁመቱን ከኤ ፎሩ ወሰደ፤ በሁለቱም በኩል ትንሽ ትርፍ ጨመረ። የወጣው ልክ ግድግዳው ላይ ካሉት ከማንኛቸውም ጋር አይገጥምም። በዚህ ዓለም ላይ እንዲህ ያለ ልክ ያለው አገር የለም። ዘርጋው በዚህ ደስ አለው፤ ለምን ደስ እንዳለው ራሱም ገረመው።

በማግሥቱ፣ ፀሐዩ መሃል አናት ላይ ሳለ፣ ያችን ናሙና በጋዜጣ ጠቅልሎ ወደ ትምህርት ቤቱ በእግሩ ሄደ። መንገዱ ላይ ከእሱና ከፍየሎች በቀር ማንም አልነበረም። የበሩ ዘበኛ "በዚህ ፀሐይ? ሰው ታመመ እንዴ?" አለው። "ወረቀት ነው" ብሎ አለፈ።

እልፍነሽ መዝገብ ቤቱ ውስጥ ማራገቢያ ከፍታ ዕቃዋን ታሽግ ነበር። መደርደሪያዎቹ ባዶ ሆነዋል። ዘርጋውን በላብ ርሶ ስታየው ውሃ ቀዳችለት፤ እስኪጠጣ ጠበቀች። ከዚያ ናሙናዋን ተቀብላ ገለጠች። አንድ ሰፊ፣ አንድ ረጅም፣ አንድ ሰፊ፣ አንድ ረጅም። በጣቷ ዳሩን ዳሰሰችው።

"ወጣ ገባ ነው" አለች።

"ነው።"

"ሰው ሲያየው ይስቃል።"

"ይሳቅ። ሲዘጋ ሽፋኑ ከልሎ ይይዘዋል።"

"ሽፋኑስ የማን ልክ ነው?"

"የማንም አይደለም። ለሁለቱ ግን ይበቃል።"

እልፍነሽ ናሙናዋን ዘጋችና እጇን ከላይዋ አሳረፈች። ማራገቢያው ይዞራል። ዘርጋው የሚለውን ሁሉ ጠርዞ ነበር የመጣው። ልቡ ግን ያኔ ባቡሩ ሲያፏጭ እንደመታው ይመታ ነበር። "አይ፣ ይቅር" ካለች መቁረጫውን ሸጦ ሱቁን የሚዘጋ መስሎታል።

"አንድ ነገር ልጠይቅዎት" አለች በመጨረሻ። "ሌተርን 'እምነት አይጣልበትም' ይላሉ አሉ። ሲታጠፍ መልኩ ይለወጣል ብለው።"

"ኑርሁሴን ነው የነገረዎት?"

"ማን እንደነገረኝ ተዉት። ይለወጣል ወይ?"

"ይለወጣል" አለ ዘርጋው፣ አፍሮ።

ከጠረጴዛዋ ላይ ባዶ ሌተር አነሳች። ከመሃል አጠፈችው። ወረቀቱ ቀጠን ብሎ ረዘመ፤ የቀድሞ መልኩ ጠፋ።

"እውነት ነው" አለች። "አንድ ጊዜ የታጠፈ ቀን መልኩ ይጠፋል። የገዛ ቤቱ ሰው እንኳ አያውቀውም። እኔ ይሄን አልክድም።" ማራገቢያውን አየች፤ የውሃውን ጠርሙስ አየች፤ መልሳ ወረቀቱን አየች። "አንተ ግን ሁልጊዜ እዚህ ላይ ታቆማለህ።"

አንተ አለችው። በስድስት ዓመት የመጀመሪያዋ ነበር።

የታጠፈውን ወረቀት እንደገና ከመሃል አጠፈችውና ካልታጠፈው ጎን አኖረችው። ዘርጋው ጎንበስ ብሎ አየ። ማስመሪያውን ከኪሱ አወጣ፤ ለካ፤ በጣቱ አሰላ፤ እንደገና ለካ። ትንሿ ወረቀት ያው የትልቁ ሌተር መልክ ናት፤ አነሰች እንጂ ያቺው ናት። ሠላሳ ዓመት ወረቀት ሲያጥፍ የኖረ ሰው፣ ሌተርን ሁለተኛ አጥፎት አያውቅም ነበር።

"ይመለሳል" አለ፣ ቀስ ብሎ።

"ሁለተኛው ላይ ይመለሳል" አለች እልፍነሽ። የሌተሩን ካርቶን ከጠረጴዛው ስር ስባ አወጣችና ወደ እሱ ገፋችው። "ካርቶኑ ከባድ ነው። ባጃጅ ያዝ፤ በዚህ ፀሐይ ተሸክመህ እንዳትሄድ።"

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሁለት ሳምንታት ከዚራ በደንብ ታስታውሳቸዋለች። ዘርጋው እያፏጨ ይሠራ ነበር። የመምህር ደምሴን ቀይ ጽሑፍ የያዙትን ቅጠሎች ለብቻቸው፣ በንጹሕ እጅ፣ ጨርቅ ለጠፈላቸው፤ አንዲት ፊደል ሳትነካ እያንዳንዷን አነበባት። ሰውየው ቀልደኛ ነበር። በአንድ ማስታወሻው ላይ ዘርጋው ብቻውን ከልቡ ሳቀ፤ በሕይወት ኖሮ ቢሆን ጓደኛ እንሆን ነበር ብሎም አሰበ።

ሱቁ ፊት ደግሞ አናጢ መጥቶ የበሩን መቃን ሲለካ ታየ። ኑርሁሴን ማሽኑን ትቶ ወጣ።

"በሩን ምን ልታደርገው ነው?"

"ላሰፋው ነው" አለ ዘርጋው።

"ወደ ላይ ነው ወደ ጎን?"

"ወደ ሁለቱም።"

"አልሐምዱሊላህ" ብሎ ኑርሁሴን ወደ ማሽኑ ተመለሰ። እስከ ማታ የሰፋው ሁሉ ጠማማ ሆነበት፤ ግድም አልሰጠው።

የርክክቡ ቀን እልፍነሽ አዲሱን በር ዞር ሳትል፣ ቀጥ ብላ ገባች። የካርቶኑ ቁልል ከወንበሩ ላይ የለም፤ ጥግ ላይ ለራሱ መደርደሪያ ተሠርቶለታል። መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ጥቁር አረንጓዴ ጨርቅ የለበሰ፣ ሰፊም ረጅምም። ከመጀመሪያው ጀምራ እየገለጠች ሄደች፤ የደምሴ ቀይ ጽሑፍ ጋ ስትደርስ ቆም አለች፤ እስከ መጨረሻዋ ነጥብ አለ። ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። እስከ መጨረሻው ስትገልጥ ያልተጻፈባቸው ቅጠሎች አገኘች፤ አንድ ሌተር፣ አንድ ኤ ፎር፣ አንድ ሌተር፣ አንድ ኤ ፎር።

"ባዶዎቹ ለምንድን ናቸው?"

"ገና ያልተጻፈ ካለ ብዬ ነው" አለ ዘርጋው። "ከበዙ ልቀንሳቸው እችላለሁ።"

"ተዋቸው። እንዲያውም አነሱ።"

በዚህ መሃል ስልኳ ጮኸ። ትርሲት ናት፣ ከሐዋሳ። እልፍነሽ ስልክ ስታነሳ ድምፁን አጉልታ ነው፤ ኑርሁሴን ማሽኑን ማቆም እንኳ አላስፈለገውም።

"እማዬ፣ አልጋው ገብቷል፣ መጋረጃውም ተሰቅሏል" አለች ልጅቷ። "በቃ መቼ ልቀበልሽ?"

እልፍነሽ መጽሐፉን ዘጋች። ሽፋኑ ሁሉንም ከልሎ ያዘ። ዘርጋውን ቀና ብላ አየችው፤ እሱ ግን ጣራውን ነበር የሚያየው።

"ውይ ልጄ" አለች፣ "ሐዋሳ እኮ ሐይቅ አለ። ወረቀት ደግሞ እርጥበት አይስማማውም። ለእሱ ድሬ ነው የሚሻለው።"

"እማዬ! ስለ ወረቀት ማን ጠየቀሽ? መቼ ትመጫለሽ ነው ያልኩሽ።"

"እሱን እኮ ነው የመለስኩልሽ።"